ኬሚስትሪ ፒኤችዲ ይዤ ከዩኒቨርሲቲ መውጣት እፈልጋለሁ፣ ውጪ ማን ይቀጥረኛል?

ፍሎራይድ ያማረራት፦

ሰላም ናችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

በአናሊቲካል ኬሚስትሪ ዶክትሬቴን ከያዝኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ክልል ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች ባንዱ ነው ማስተምረው፣ ስሙን አልጠራም፣ ዲፓርትመንታችን ትንሽ ስለሆነ ወዲያው ነው ምታወቀው። ባለቤቴና የ5 ዓመት ልጄ አዲስ አበባ ናቸው። እኔ በየ15 ቀኑ አርብ ከሰዓት ተሳፍሬ ሄጄ እሁድ እመለሳለሁ። ባለፈው ቦርሳዬን ሳነሳ ልጄ "ወደ ቤትሽ ልትሄጂ ነው?" አለችኝ። ቤትሽ! መንገዱን ሙሉ ሳለቅስ ነው የሄድኩት።

ደሞዙን ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 22/2016 ብር በገበያ ይተመን ከተባለ ወዲህ 57 የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ሲያልፍ ዘይቱም የትምህርት ቤት ክፍያውም ተከትሎት ሄደ፣ የኔ ደሞዝ ግን ቆሞ ሸኛቸው። ጭማሪ ተብሎ የመጣውም ኪሴ ሳይደርስ ነው ያለቀው። ደግሞ ሰው ዶክተር ሲሉኝ ሀብታም ነው ምመስለው፣ አከራዬ ገና "እንኳን ደስ ያለሽ" ባሉኝ ወር ነው ኪራይ የጨመሩብኝ። አንድ ሌሊት ደግሞ በር ተንኳኩቶ የጎረቤት ልጅ አተኩሶታል ነይ እዪልን ተባልኩ፣ እኔ የውሃ ዶክተር ነኝ ልበል?

የመመረቂያ ስራዬ ከስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ ስቦ ሚያወጣ ዱቄት (አድሶርበንት) ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሚለው በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ነው፣ የኔው ዱቄት ላብ ውስጥ ቆንጆ አድርጎ ያወርደዋል፣ ሁለት ፔፐርም ወጥቶለታል። ናሙና የቀዳሁበት መንደር ግን ጥርሳቸው የበለዘ ልጆች ዛሬም ከዛው ጉድጓድ ነው ሚጠጡት። ይሄም ሳይሆን አይቀርም ልቤን የቆረጠው።

እስካሁን 30 ምናምን ቦታ ሲቪ ልኬ ሁለት ቦታ ብቻ ነው የጠሩኝ። አንደኛው ጋ "ዶክተር፣ እርስዎን የሚመጥን ቦታ የለንም" ብለው በክብር ሸኙኝ፣ ሁለተኛው ጋ ከተፈተንኩ በኋላ ደውለው አያውቁም። የወጣችሁ ሰዎች እንዴት ወጣችሁ? ፒኤችዲውን ከሲቪው ላይ ልሰርዘው እንዴ? ወይስ ፖስትዶክ (ከፒኤችዲ በኋላ ሚሰራ ጊዜያዊ የምርምር ቦታ) ፈልጌ ከሀገር ልውጣ? ግራ ገብቶኛል።

ነጭ ጋውን፦

እህቴ ሰላም። መድኃኒት ፋብሪካ ኪውሲ (ጥራት ቁጥጥር) ላብ ውስጥ ነው ያለሁት፣ 11 ዓመቴ ነው፣ ማስተርስ ነው ያለኝ። ባለፉት ሁለት ዓመት ሶስት ዶክተሮችን ኢንተርቪው አድርጌ አንዱን ቀጥረናል። ሁለቱ ለምን እንደወደቁ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም "ኦቨር ኳሊፋይድ" ምናምን ሚባለው ግማሹ ሰበብ ነው።

ኢንተርቪው ላይ ሁልጊዜ ማቀርባት አንዲት ወረቀት አለችኝ። የዲሶሉሽን ውጤት ናት፣ ስድስት ክኒን ውሃ ውስጥ ገብቶ በተባለው ደቂቃ ስንት ከመቶ እንደሟሟ። ኪው ሚባለው ልኩ 80 ነው። አምስቱ ከ85 በላይ ወጥተዋል፣ አንዷ 83 ናት። "ባቹን (አብሮ የተመረተውን ክኒን በሙሉ) ምን ታደርገዋለህ?" እላለሁ፣ በቃ ይቺው ናት ጥያቄዋ። አንደኛው ዶክተር (ፔፐሩ ከኔ ዕድሜ ይበዛል ማለት ይቻላል) ተነሳና ቦርድ ላይ የመልቀቂያ ካይኔቲክሱን ይጽፍልን ጀመር፣ ፈርስት ኦርደር ነው፣ ይሄ ሞዴል ደግሞ እንዲህ ነው እያለ አስር ደቂቃ ሄደ። ጥሩ አስተማሪ ነው፣ እኔም ተምሬበታለሁ። "እሺ ባቹስ?" አልኩት። "ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል" አለኝ። ከሱ ቀጥላ የገባችው ዲግሪ ብቻ ያላት ልጅ ወረቀቷን አየችና "የመጀመሪያው ደረጃ ላይ እያንዳንዷ 85 መድረስ ስላለባት አላለፈም፣ ግን አልወደቀም፣ ሌላ ስድስት እጨምራለሁ፣ የአስራ ሁለቱ አማካይ 80 ከደረሰ አንዷም ከ65 ካልወረደች አሳልፈዋለሁ" አለች። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባትም። ማንን እንደቀጠርኩ አልነግርሽም።

ዶክተሩ አላወቀም ማለቴ አይደለም፣ ፋርማኮፒያ (የመድኃኒት ደረጃ መጽሐፉን) አንድ ሳምንት ቢያነብ ከሷም ከኔም ይበልጣል። ግን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ "ገና ይጠናል" ማለት ያስመሰግናል፣ እኛ ጋ ደግሞ መጋዘን ውስጥ 300 ሺህ ክኒን ተቀምጦ የጭነት መኪናው ግቢ ቆሞ "ገና ይጠናል" ሚል ሰው ምን ያደርግልኛል። ወረቀቱ ስር አልፏል ወይም አላለፈም ብሎ ሚፈርም ሰው ነው ምንፈልገው። የቀጠርነው ሶስተኛው ዶክተር መልሱን እንኳ በትክክል አላወቀውም ነበር፣ "ደረጃ በደረጃ ሚኬድበት ህግ እንዳለው አውቃለሁ፣ መጽሐፉን ስጡኝና ልወስን" ነበር ያለን። በቃ ሰጠነው፣ ወሰነ።

አሁን ሲቪሽን። ስንት ገጽ ነው? ገምቼ 8 ወይ 9። አንደኛው ገጽ ላይ የቴሲስ ርዕስ፣ ቀጥሎ ኮንፈረንስ፣ ቀጥሎ ፔፐር። እኔ አድሶርበንት አልፈልግም እህቴ፣ አድሶርበንት ሚፈልግ አንድም ፋብሪካ አላውቅም። ግን ያንን ፍሎራይድ ስትለኪ ኤሌክትሮዱን ካሊብሬት አድርገሻል፣ ሊኒያሪቲ ሰርተሻል፣ ስታንዳርድ ጨምረሽ ሪከቨሪ አስልተሻል፣ ፕሪሲዥን፣ ኤልኦዲ ምናምን፣ ይሄ እኮ እኛ ሜተድ ቫሊዴሽን (የመለኪያ ዘዴው ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ) ምንለው ነገር ነው! ለዚህ ብለን ሰው ስልጠና እንልካለን። ያንቺው ቴሲስ ምዕራፍ ሶስት ውስጥ ተቀብሮ ይሆናል። አውጪውና ገጽ አንድ ላይ አድርጊው፣ በየትኛው መሳሪያ፣ ስንት ናሙና፣ ብቻሽን ነው ወይስ ሰው እያሰራሽ። ኤችፒኤልሲ (ድብልቅ ለያይቶ ሚለካውን መሳሪያ) ነክተሽ ታውቂያለሽ? ሁለት ገጽ ይበቃል። ዲግሪውን አትሰርዢው፣ አምስት ዓመት የት ነበርሽ ሲሉሽ ምን ልትይ ነው።

ክፉ ክፉውንም ልንገርሽ። መጀመሪያ ሚሰጡሽ ደሞዝ ያሰብሽው ላይሆን ይችላል፣ አለቃሽ የ28 ዓመት ጎረምሳ ሊሆን ይችላል፣ ሰርቪሱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ጥሎሽ ይሄዳል። ጥሬ እቃው ከውጪ ስለሆነ ዶላር ሲጠፋ ማሽኑ ቆሞ ላብ ውስጥ ሻይ ምንጠጣበት ወርም አለ። ማስታወቂያ ላይ "ፋርማሲ" ብቻ ሚል ከሆነ አትልፊ፣ "ፋርማሲ ወይም ኬሚስትሪ" ሚለውን ፈልጊ፣ ኪውሲና ኪውኤ (ጥራት ማረጋገጫ) ላይ አለ። ቂሊንጦ ለመድኃኒት ተብሎ የተለየው ኢንዱስትሪ ፓርክ ነውና እዛ ያሉትን አንድ በአንድ ተከታተያቸው። ባለቤትሽና ልጅሽም እዚሁ ናቸው።

የአራት ኪሎው፦

ልጄ፣ ሁላችሁም ወጥታችሁ ስታልቁ ማን ሊያስተምር ነው? እኔ ከ30 ዓመት በላይ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ያኔም ደሞዙ አይበቃም ነበር። አንድ ዶክተር ለማፍራት ሀገር ስንት እንደምታወጣ አስባችሁታል? ክኒን ሲሟሟ ቆሞ ለማየት ነው እንዴ?

ፍሎራይድ ያማረራት፦

ጋሼ እውነትዎን ነው፣ አልተቆጣሁም። ግን ባለፈው ሴሚስተር ለሁለተኛ ዓመቶች ቲትሬሽን ያስተማርኩት ቦርድ ላይ በጠመኔ ቢሮት ስዬ ነው፣ ፌኖልፍታሊን አልቆ ግዢ ከተጠየቀ ዓመት ሆነው። ቀለሙ ሲቀየር ምን እንደሚመስል "ሮዝ ይሆናል" ብዬ ነገርኳቸው። ጋሼ እርስዎ እንዲህ አስተምረው ያውቃሉ?

የአራት ኪሎው፦

አላውቅም። በእኛ ጊዜ ሪኤጀንት ነበር። አዝናለሁ ልጄ።

ክሊራንስ ናፋቂ፦

ማንም ያላነሳውን ላንሳ፣ ውሉስ? ፒኤችዲሽን የተማርሽው ዩኒቨርሲቲው ልኮሽ ደሞዝሽ እየተከፈለሽ ከሆነ ተመልሰሽ ምታገለግይው ዓመት ፈርመሻል፣ ዋስም አስፈርመሻል። እኔ ሳልጨርስ ነው የወጣሁት። አዲሱ መስሪያ ቤት ጀምር ብሎኛል፣ መልቀቂያና የስራ ልምድ አምጣ ይላል፣ የድሮው ደግሞ ቀሪ ግዴታህን በብር ተምኜ ሳትከፍል ክሊራንስ የለም ይላል። ሶስት ወር ተንከራተትኩ፣ ከሁሉ ሚብሰው ግን ዋሴ የእናቴ ወንድም ነበሩ፣ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፣ ደብዳቤው እሳቸው መስሪያ ቤት ሄደ። እኔ ሳልነግራቸው! ፋሲካ ላይ አይን አይናቸውን ማየት አቃተኝ።

ስለዚህ ማንም ጋ ከመፈራረምሽ በፊት ሬከርድና ማህደር ሄደሽ የፈረምሽውን ውል ኮፒ አስደርጊ፣ ስንት ዓመት ቀረሽ፣ ካቋረጥሽ ሚከፈለው ሙሉው ነው ወይስ የቀረው ተሰልቶ ነው፣ የሴኔት ሌጅስሌሽኑንም አብረሽ አንብቢ፣ የየዩኒቨርሲቲው ስለሚለያይ የኔን ይዘሽ እንዳትሄጂ። ቀጣሪ ሲያነጋግርሽ ደግሞ ፊት ለፊት ንገሪያቸው፣ አንዳንዱ ከፊሉን ከፍሎ ከደሞዝ ቀስ እያለ ይቆርጣል። ጡረታ ይቀርብኛል ብለሽ ግን አትፍሪ፣ የግልም ቢሆን ካንቺ 7 ከአሰሪ 11 በመቶ ነው፣ ያው ነው።

ፍሎራይድ ያማረራት፦

ወይኔ። ዋሴ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ይቀረኛል መሰለኝ፣ ሰኞ ሄጄ አያለሁ። ነጭ ጋውን፣ 9 ገጽ ነው 😅 ኤችፒኤልሲ ማስተርሴ ላይ ነው የሰራሁት፣ ቡና ውስጥ ያለ ካፌይን (ያልሰራው ማን አለ)። እዚህ ዲፓርትመንታችን ውስጥ አንድ አለ ግን ከተበላሸ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ በአቧራ ጨርቅ ሸፍነነዋል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ሄይ እህት፣ ፖስትዶክ ስላልሽው እኔ ልመልስልሽ ምክንያቱም በዛ መንገድ ነው የመጣሁት። ሞለኪውላር ባዮሎጂ ነኝ፣ ሜሪላንድ ነው ምኖረው፣ ፖስትዶክ አራት ዓመት ሰርቼ አሁን ኮንትራት ላብ ውስጥ ነኝ፣ ለባዮቴኮች ናሙና እንመረምራለን።

አንደኛ ነገር ፖስትዶክ ስራ ይመስላል እንጂ ተማሪነት ነው፣ ኤንአይኤች (የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም) በፈረንጆች 2024 ለጀማሪ ያስቀመጠው ዝቅተኛው 61,008 ዶላር በዓመት ነበር፣ እዛ ሆነሽ ስትሰሚው ብዙ ነው፣ እዚህ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ልጅ ይዘሽ ግን ኪራይና ዴይኬር ነው ሚወስደው። 2025 ላይ ደግሞ ስንት ግራንት ተቋረጠ፣ አንድ ኮሪደር ላይ አብረን ቡና ምንጠጣ ሰዎች በወር ውስጥ ላባቸው ተዘጋ።

ሁለተኛው ሰው ማይነግርሽ፣ ቪዛው ነው። ዩኒቨርሲቲ ኤችዋንቢ (የስራ ቪዛ) ሲያወጣልሽ ሎተሪ የለበትም፣ ከኮታው ውጪ ናቸው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተሽ ካምፓኒ ልግባ ስትይ ግን የ85 ሺዋ ሎተሪ ውስጥ ነሽ፣ እጣው በማርች ነው፣ ካልደረሰሽ ዓመት ትጠብቂያለሽ። እኔ ሁለቴ አልደረሰኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ማልፈልገው ላብ ውስጥ ተቀምጬ የሰው አይጥ ስመግብ ነበር፣ ስራው ተገኝቶ! በኋላ ባለቤቴ ግሪን ካርድ ስለነበረው በሱ ወጣሁ እንጂ አሁንም እዛው ነበርኩ። እዚሁ ተምሮ የጨረሰ ሰው ኦፒቲ (የተመራቂ የስራ ፈቃድ) አለው፣ 12 ወር፣ በሳይንስ ከሆነ 24 ይጨመርለታል፣ ካንቺ ይሻላል። ከ2025 ሴፕቴምበር ወዲህ ደግሞ ከውጪ ሰው በኤችዋንቢ ለማስመጣት 100 ሺህ ዶላር ክፈሉ ተብሏል፣ ማን ይከፍልልሻል።

አትምጪ እያልኩሽ አይደለም፣ ዲቪ ሲከፈት ሙዪ፣ በህትመትሽ ደግሞ ኤንአይደብሊው ሚባለውን (ያለ ቀጣሪ ግሪን ካርድ ሚጠየቅበትን) ራስሽ ማመልከት ትችያለሽ። ብቻ ፖስትዶክን "ከአካዳሚ መውጫ በር" ብለሽ እንዳትይዢው፣ መግቢያ ነው። እኔን የቀጠሩኝ በፔፐር አይደለም፣ ያ ከላይ ያለው ወንድም እንዳለው ነው፣ ኪውፒሲአር (የዲኤንኤ መለኪያ ዘዴ) ቫሊዴት አድርጌ ስለማውቅ ነው። ማኔጀሬ ፔፐሬን ከፍቶ ያየው አይመስለኝም እስከዛሬ።

ላይፕዚግ በብርድ፦

ጀርመን ደግሞ ተቃራኒው ነው ሚገርማችሁ። እዚህ ኬሚስት ሆኖ ዶክተር ያልሆነ ነው ሚታየው፣ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ላብ መሪ ሲፈልጉ ማስታወቂያው ላይ ዶክትሬት ይላል፣ መታወቂያ ላይ ሳይቀር ዶክተር ተብሎ ይጻፋል። ግን ጀርመንኛ!! በእንግሊዝኛ ብቻ ሪሰርች ኢንስቲትዩት ትገቢ ይሆናል፣ ፋብሪካ ውስጥ ግን ቴክኒሻኖቹን ምታዢው በነሱ ቋንቋ ነው። ከጁን 2024 ጀምሮ ቻንስንካርተ ሚሉት ስራ መፈለጊያ ቪዛ አለ፣ እስከ አንድ ዓመት፣ እየፈለግሽ በሳምንት 20 ሰዓት መስራት ይቻላል። በነጥብ ከሆነ 6 መሙላት ነው፣ ዲግሪሽን አናቢን (የውጭ ዲግሪ ሚታይበት የጀርመን ዳታቤዝ) ላይ እዪው። ችግሩ ዝግ አካውንቱ ነው፣ በ2025 ተመን በወር 1,091 ዩሮ ለሙሉው ጊዜ አስቀምጪ ይላሉ፣ በኛ ብር ስታሰቢው ያዞራል። ደግሞ የኬሚካል ኢንዱስትሪው ራሱ ጋዝ ተወዶበት እየዘጋ ነው፣ ሉድቪግስሃፈን ያለው ቢኤኤስኤፍ እንኳ ስንት ክፍል ዘግቷል። ልጅ ትተሽ ነው ምትመጪው? አስቢበት።

ጉድጓድ ቆፋሪ፦

ፍሎራይድ ሚለውን ስም አይቼ ነው የገባሁት። ዋሽ (የውሃና ንጽህና ፕሮጀክት) ላይ 8 ዓመት ሰርቻለሁ። ዶክተር፣ ያ መንደር ለምን ዱቄትሽን እንዳላገኘ ልንገርሽ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም። እኛ አንድ ቦታ የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ተክለን ነበር፣ ሲሰራ ጥሩ ነው፣ ከወራት በኋላ ግን ከሰሉ ይጠግባል፣ ማን ይቀይረው፣ በማን ብር፣ የውሃ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ሴትዮ "እሱ ከጠገበ እኛ ተርበናል" አሉኝ። ውሃው ይጣፍጣል አይጣፍጥም እንጂ ፍሎራይዱ ለአይን አይታይም፣ ስለዚህ ጠገበም አልጠገበም ይጠጡታል። ለዛ ነው ከሩቅ ንጹህ ምንጭ በቧንቧ መሳብ ሚመረጠው።

ስራውን በተመለከተ ግን ኤንጂኦ አሁን ጊዜው አይደለም። ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ እርዳታ ቁም ከተባለ ወዲህ ስንት ሰው ቤቱ ገባ፣ እኔም አንዱ ነኝ፣ ፕሮጀክቱ ሊያልቅ 14 ወር እየቀረው ዓርብ ደብዳቤ ሰኞ ላፕቶፕ መልሱ። ቢገኝም ሚፈልጉት ኬሚስትሪውን ሳይሆን ኮቦ (የመረጃ መሰብሰቢያ አፕ) ላይ ዳታ ሰብስበሽ፣ ሪፖርት በቀኑ ጽፈሽ፣ ከወረዳ ውሃ ጽህፈት ቤት ጋር ተግባብተሽ መስራትሽን ነው። የውሃ ጥራት ምርመራ በኮንሰልታንትነት አልፎ አልፎ ይወጣል፣ ለሱ ግን ፈቃድና ቲን ምናምን ይፈልጋል።

ቁልፍ 14፦

ቆይ ቆይ፣ ሁላችሁም አለፋችሁት፣ እኔ አንድ ነገር ላይ ቆሜያለሁ። "ሁለት ዓመት በአቧራ ጨርቅ ሸፍነነዋል።" ምኑ ነው የተበላሸው?

ፍሎራይድ ያማረራት፦

ፓምፑ ነው መሰለኝ፣ ፕረዠሩ ይዘላል፣ ከ20 ባር 150 ይወጣል ተመልሶ ይወርዳል ከዛ አላርም ብሎ ይቆማል። ያበላሹት የማስተርስ ተማሪዎች ነበሩ፣ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ይምጣ ተብሎ በጀት የለም ተባለ። ለምን ጠየቅከኝ?

ቁልፍ 14፦

ምክንያቱም ስራዬ ነው። እኔም ፊዚካል ኬሚስትሪ ፒኤችዲ ጀምሬ በሶስተኛ ዓመቴ ነው ያቋረጥኩት፣ እናቴ እስካሁን ትምህርቱ መቼ ያልቃል ትለኛለች። የላብ መሳሪያ ሚያስመጡ ድርጅቶች ጋ ሰርቪስ ኢንጂነር ሆኜ ገባሁ፣ አሁን በራሴ ነው። ሀገሪቷ ውስጥ ተገዝቶ ቆሞ ያለው መሳሪያ ብዛት፣ እግዚኦ። ፋብሪካውም ቢራውም ዩኒቨርሲቲውም ጋ እገባለሁ፣ በብዛት ግን ለኤክስፖርት ሚመረምሩ ላቦች ናቸው፣ ሰሊጥ፣ ቡና፣ ማር፣ በርበሬ። ገዢው አገር አፍላቶክሲኑን (የሻጋታ መርዙን) ፀረ ተባዩን ለክታችሁ አሳዩኝ ይላል፣ ላቡ አይኤስኦ 17025 (የላብ ብቃት ደረጃ) ካለው ወረቀቱ ይከበርለታል፣ ከሌለው ወረቀት ነው። ወተት ውሰጂ፣ ላሟ የሻገተ የኑግ ፋጉሎ ስትበላ አፍላቶክሲኑ ወተቷ ውስጥ ይወጣል፣ አውሮፓ ሚፈቅደው በኪሎ 0.05 ማይክሮግራም ነው። ያንን ለመለካት መሳሪያ ብቻ አይበቃም፣ ቁጥሩ ውሸት ሲሆን ሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፣ እሱን ሰው ነው ያጡት። እነዚህ ላቦች ቴክኒካል ማናጀር ሲፈልጉ እኔን ነው ሚጠይቁኝ "ሰው ታውቃለህ ወይ" ብለው፣ ማስታወቂያ ከማውጣታቸው በፊት! አንቺ 30 ቦታ ሲቪ ስትልኪ ቦታው እንዲህ ነው ሚያልቀው።

አሁን የፓምፑን ስሚኝ። ዘጠና ከመቶ ቼክ ቫልቭ (ፈሳሹን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሚያሳልፈው) ነው። ተማሪዎቹ ፎስፌት ቡፈር ሲሰሩበት ሳያጥቡት አጥፍተውት ሄደዋል፣ ደርቆ ጨው ሰርቶ ኳሷን ይዟታል። መግቢያውን ቼክ ቫልቭ (ከታች ያለው) በ14 ቁልፍ ፍቺው፣ አንዳንዱ ሞዴል 13 ወይ ግማሽ ኢንች ይሆናል፣ ልኩ ካልሆነ አትጨቁኚው ጠርዙን ትበይዋለሽ። ቢከር ውስጥ አድርገሽ ሶኒኬተር (በድምፅ ሞገድ ሚያጥብ መሳሪያ) ላይ መጀመሪያ በለብ ያለ ዲስቲልድ ውሃ 15 ደቂቃ፣ ከዛ ነው በአይሶፕሮፓኖል። ሁሉም ሰው በቀጥታ አይሶፕሮፓኖል ውስጥ ይከተዋል፣ ቡፈር በሱ አይሟሟም፣ ኬሚስት ነሽ ታውቂዋለሽ። ስትመልሺው ቀስቷ ወደ ላይ ትይ። ፐርጅ አድርጊና (አየሩን አስወጪና) ኮለን (መለያ ቱቦውን) ሳትገጥሚ በፊት ፍሰቱን በሲሊንደር ለኪው፣ በ10 ደቂቃ 10 ሚሊ መሆን አለበት 1 ሚሊ ላይ ካደረግሽው። ሶኒኬተር አላችሁ?

ፍሎራይድ ያማረራት፦

ሶኒኬተር አለ፣ አይሶፕሮፓኖል ባዮሎጂዎች ጋ እለምናለሁ። ግን ብነካውና ብሰብረውስ፣ ንብረት ክፍል በስሜ ይጽፈዋል እኮ።

ቁልፍ 14፦

ዲፓርትመንት ሄዱን በጽሁፍ አስፈቅጂ፣ ቴክኒካል አሲስታንቱም አብሮሽ ይሁን። ከተሰበረም ተሰብሮ ነው ያለው።

ነጭ ጋውን፦

@ቁልፍ 14 እኛም ጋ አንድ ዲጋሰር (ከፈሳሹ ጋዝ ማስወገጃ) አልቅሶብናል፣ ኢንቦክስ እመጣለሁ።

ፍሎራይድ ያማረራት፦

ከ12 ቀን በኋላ ተመለስኩ። ውሉን አየሁት፣ 13 ወር ነው የቀረኝ፣ የሚከፈለውም የቀረው ተሰልቶ ነው ይላል፣ ስለዚህ ቢያንስ ቁጥሩን አውቄዋለሁ፣ ለባለቤቴ ወንድምም ሳይሰሙ በፊት ራሴ ደውዬ ነገርኳቸው፣ "ልጅሽ ጋ ኑሪ እንጂ" ነው ያሉኝ፣ ከዚህ በላይ አልተነጋገርንም። ሲቪው 2 ገጽ ሆኗል፣ ነጭ ጋውን ኢንቦክስ አድርጌልሃለሁ ስትመችህ እያት፣ ቫሊዴሽኗን ገጽ አንድ ላይ አውጥቻታለሁ።

ፓምፑን ደግሞ ትናንት ከሰዓት ፈታነው። የቴክኒካል አሲስታንታችን እጅ ከኔ የበለጠ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቁልፉ 14 አልገባም፣ ግማሽ ኢንች ነው የሆነው፣ ከጋራዥ ነው የተዋስነው። ውሃው ውስጥ ስንከተው ነጭ ነገር እንደ ጢስ ወጣ፣ ከዛ አይሶፕሮፓኖል። ሁለት ተማሪዎች ድምፅ ሰምተው መጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር፣ ግቡ አልኳቸው። በ10 ደቂቃ 9.9 ሚሊ። ኮለኑን ገጠምነው፣ ፕረዠሩ ወጣ ወጣና 138 ላይ ቆመ፣ ሃያ ደቂቃ አየነው፣ ከ137 እስከ 139 ውጪ አልወጣም። ዛሬ ጠዋት ካንቲን የተቀዳ ቡና አጣርተን ልንከተው ነው።

ቁልፍ 14፦

ዘጠና ዘጠኝ ይበቃል 👏 ቡናውን በ0.45 ማይክሮን ፊልተር አጣሪው፣ ደግሞ ስትጨርሺ በውሃ ከዛ በሜታኖል አጥበሽው ዝጊ፣ ተመልሶ እንዳይደርቅ። ሎግቡክ አለው? የፈታችሁበትን ቀን፣ የተሰራውን፣ 9.9ኙን፣ 138ቷን ጻፊና ስር ፈርሚበት። ፎቶውን ላኪልኝ፣ ሰው ታውቃለህ ወይ ያለኝ አንድ ላብ አለ።